የተጠባባቂው ደብዳቤ

ኔልዳ ኮምብስ አንድ ዓረፍተ ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ይዛ ኖራለች። የጻፈው ዳሬል ስታምፐር ነው። የተጻፈው ለእሷ አልነበረም፤ ፖስታ ቤት ወስዳ የላከችው ግን እሷው ናት።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ዘጠነኛ ክፍልን ሳትጨርስ ትምህርቷን ትታ፣ በኬንታኪ ተራሮች መሃል ባለች የድንጋይ ከሰል ከተማ ምግብ ቤት ውስጥ ታስተናግዳለች። ዳሬል የአምቡላንስ ሠራተኛ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሾርባው ላይ ተደፍቶ ዳሬል ተሸክሞት ወጣ። በማግስቱ ብቻውን ተመልሶ መጣ።

«ሰውዬው እንዴት ሆነ?» አለችው።

«ሞተ።»

«እና ይህን ልትነግረኝ ነው እዚህ ድረስ የነዳኸው?»

«አይ፣ የፖም ኬክ ይኖራችሁ እንደሆነ ልጠይቅ ነው።»

ኬኩን አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። እሱ ግን ኬኩን ትቶ እሷን ያይ ነበር።

ፍቅረኛሞች በሆኑ በሁለተኛው ዓመት ዳሬል ሕክምና ለመማር ለዘጠኝ ትምህርት ቤቶች አመለከተ። ስድስቱ አንፈልግህም አሉት። ሁለቱ ተቀበሉት፤ አንዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፣ ሌላው ኦሃዮ። ዘጠነኛው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያልመው የኖረው የምሥራቅ ጠረፉ ትምህርት ቤት፣ እሺም እምቢም ሳይል፣ ቦታ ከተገኘ ሊጠራው ከተጠባባቂዎች መዝገብ አስገባው። በደንቡ መሠረት እስከ ሜይ አጋማሽ ከሁለቱ አንዱን መልቀቅ አለበት። ተጠባባቂነቱን ግን ትምህርት እስኪጀመር ማንም አይነካበትም።

ሁለቱ ደብዳቤዎች በእናቱ በወይዘሮ ቨርና ማቀዝቀዣ በር ላይ ጎን ለጎን ተለጥፈው ሰነበቱ። እሁድ እሁድ ምሳ ላይ ወሬው ሁሉ እነሱ ነበሩ።

«የኦሃዮው ይሻላል። ሆስፒታሉ ትልቅ ነው» አሉ ወይዘሮ ቨርና።

«የቅርቡ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ያመጣኛል፣ ማማ።»

«ወደ ማን ነው የሚያመጣህ?»

ዳሬል ሳቀ። ኔልዳ የበቆሎ ዳቦዋን ቆረሰች። «ወደ ባቄላዎ ነዋ፣ ወይዘሮ ቨርና። ጨው ይዞልዎት ይመጣል» አለች።

ቀኑ ሲደርስ ዳሬል የኦሃዮውን ለቀቀ። ምግብ ቤት መጥቶ «የቅርቡን ያዝኩ» አላት። «ለምን?» ብትለው ዝም ብሎ አያት። ያቺ ዝምታ ለኔልዳ በቃቻት። ጁን ላይ ልንጋባ ነው ብላ ለሁሉም ተናገረች።

ጁን ሲመጣ ግን «ሰርጉን ትንሽ እናቆየው» አለ።

«ለምን ሲባል?»

«ቢጠሩኝስ? ከተጠባባቂ የሚወስዱት ወዲያው እሺ የሚለውን ነው፣ ኔልዳ። ሚስት ያለው ሰው ላማክራት ይላል፤ እሱ እስኪያማክር ሌላውን ይጠራሉ። ቀድመው የገቡ ልጆች ናቸው የነገሩኝ።»

«እኔ እንደሆንኩ አማክረኝ አላልኩህ። አግባኝ ነው ያልኩህ።»

ተጠባባቂ ሰው ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ደብዳቤ ይጽፋል፤ «ከጠራችሁኝ ሌላውን ትቼ እመጣለሁ» ብሎ ይምላል። ዳሬልም ጻፈ። ተረኛ ስለነበር ለኔልዳ ሰጣት። «ቴምብር ለጥፈሽ ጣይልኝ፣ ሆዴ» ብሏት በአምቡላንሱ ተፈተለከ።

ፖስታው አልታሸገም ነበር። ኔልዳ ንባብ ይከብዳታል። ፖስታ ቤቱ ደጃፍ ቆማ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ቃል በቃል አነበበችው። መጨረሻው ላይ ጣቷ ቀጥ አለ። «በጠራችሁኝ ማግስት እደርሳለሁ። እዚህ የሚይዘኝ ሰው የለም» ይላል።

ደግማ አነበበችው። አልተሳሳተችም። አሽጋ፣ ቴምብር ለጥፋ ከሣጥኑ ጣለችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ያን ቀን ሁለት ሳህን ሰበረች።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ ሦስተኛ ሰው ሆነባቸው። ዳሬል ሽቦውን ጎትቶ በረንዳ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እያወራችው ዓይኑ እዚያ ላይ ነው። ስለ ጻፈው ነገር ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል ስትል ጁላይ አለቀ። ኦገስት ሲገባ፣ ትምህርት ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው፣ ተደወለ።

ምግብ ቤቱ ድረስ እየሮጠ መጣ። «ጠሩኝ! ነገ ጠዋት እንነሳለን። ዕቃሽን ያዢ!»

«አልሄድም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ስለ ደብዳቤው ልትነግረው አፏን ከፈተች። ግን ሳህኖቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። «ሥራ አለኝ» አለች።

«ሳህን ማመላለስ ነው ሥራው?» አለ ዳሬል፣ ወዲያውም ጸጸተው። ግን አንዴ ወጥቷል። በማግስቱ ሄደ። ሁለት ዓመት ጻፈላት፤ አንዱንም አልከፈተችም።

የከሰል ማውጫው ተዘጋ፣ ምግብ ቤቱም ተከትሎት ተዘጋ። ኔልዳ በአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠረች። ወይዘሮ ቨርናን ግማሽ ጎናቸውን ሽባ ሲያደርጋቸው እዚያው አመጧቸው። አራት ዓመት አጠበቻቸው፣ አጎረሰቻቸው። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ «የምግብ ቤቷ ልጅ» እንጂ ኔልዳ ብለው ጠርተዋት አያውቁም። ዳሬል በዓመት ሁለቴ ሲመጣ እሷ እንዳያገኛት የሥራ ተራዋን ትቀይራለች። አግብቶ መፍታቱን ከሰው ሰማች። እሷ አላገባችም።

በወይዘሮ ቨርና ቀብር ቀን ግን የምትቀይረው ተራ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ጸጉሩ ሸብቷል።

«ኔልዳ፣ ለእናቴ ያደረግሽውን ሰምቻለሁ። ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ…»

«ተወው። ደብዳቤውን አንብቤው ነበር።»

«የቱን ደብዳቤ?»

ረስቶታል። ኔልዳ ዓረፍተ ነገሩን በቃሏ ደገመችለት፣ አንድም ፊደል ሳታጎድል። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ኔልዳ፣ እሱ እኮ እንዲሁ የሚጻፍ ነገር ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚጽፈው። እውነት አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን እውነት አደረግከው?»

«ነይ አላልኩሽም? እምቢ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«የለችም ካልካቸው ሰዎች ዘንድ ማን ሆኜ ልምጣ?»

ሰዎች በመሃላቸው እያለፉ ይገባሉ።

«ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ…» አለ በመጨረሻ።

«አዎ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው።» ይህን ለራሷም እንኳ ብላው አታውቅም።

«ካነበብሽው ለምን ላክሽው?»

«ያንን ትምህርት ቤት ከልጅነትህ ታልመው ነበራ» አለችና ጥላው ገባች።

ከመጦሪያው ሠራተኞች ጋር ከኋላ ተቀመጠች። ዳሬል ከፊት፣ ለቤተሰብ በተተወው ረጅም ወንበር ላይ፣ ብቻውን ተቀመጠ። ፓስተሩ መጽሐፉን ገለጠ። ኔልዳ የዳሬልን ማጅራት እያየች ቆየች። ይቅር አላለችውም። ቁጣዋም አልበረደም። ያ ባዶ ወንበር ግን «ሰው የለም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መሰላት።

ብድግ አለች። መተላለፊያውን ይዛ፣ ሰዉ ሁሉ እያያት፣ ሬሳ ሣጥኑ አጠገብ እስክትደርስ ሄደች። አስተናባሪው ጎንበስ ብሎ «እትዬ፣ ይህ የቤተሰብ ወንበር ነው» አላት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አለች፣ ድምጿን ሳትቀንስ። «ጠጋ በል፣ ዳሬል።»

ዳሬል ተጠጋላት። ኔልዳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።