የመጨረሻው ዲስክ

በእምነት የተረከበውን ነገር የሚሸጥ ሰው ዕቃ ብቻ አይሰርቅም። ለመሸሸጊያው የንጹሕ ሰውን ስም ይፈልጋል፤ ዕቃው ለባለቤቱ ከተመለሰ በኋላም ያ ስም እንደ ቀድሞው አይሆንም። በካርዋራ የማዕድን ከተማ የተፈጸመው ነገር ይህን ያስረዳል።

ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት። የስንብት ስጦታው ርክክብ ተጀመረ።

ወንፊት አጨበጨበች።

ሠላሳ ያህል ሠራተኞች፣ ግራጫ ጭቃ የጠጣ ቱታቸውን እንደ ለበሱ፣ ከወፍጮው ሥር ቆመዋል። በእርሷ ቱታ ደረት ላይ የተሰፋው ስም ቴስ ሃርጎን ይላል። ሥራዋ የጭቃውን ናሙና መቅዳት ነው ተብሏል። ስሙም ሥራውም ሐሰት ነው። «ወንፊት» የሚለውን የምስጢር ስም የሰጣት ከብሪዝበን የላካት የምርመራ ቢሮ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ የምታድነው ሰውም የምስጢር ስም ተሰጥቶታል።

ምስጥ።

ምስጥ የዚህን ወፍጮ ምስጢር ለተፎካካሪ ኩባንያ ሊሸጥ የተዋዋለ ሰው ነው። ማንነቱ አልታወቀም። የወፍጮው የፈጠራ መብት ማመልከቻ የሚገባው ሰኞ ነው። ተፎካካሪው ከዚያ ቀድሞ ካስመዘገበ የስድስት ዓመት ልፋት ባክኖ ይቀራል።

የልፋቱ ባለቤት አሁን ከመካከላቸው ተጠራ።

«ኤይኖ፣ ና ውጣ እንጂ!» ሲል የፈረቃው አለቃ ዳርሲ ጮኸ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ስትነጫነጭብን ኖረህ ዛሬ ዓይነ አፋር ሆንህ?»

«የምነጫነጨው ያንተን ሥራ እያየሁ ነበር» አለ ኤይኖ ሳልሜላ። ከፊንላንድ የመጣ፣ ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው መካኒክ ነው።

«ሂድ እንግዲህ፣ በዚያ የእንፋሎት ቤትህ ውስጥ ተቀቀል! የካርዋራ ሙቀት አልበቃው ብሎ ጓሮው ውስጥ እሳት የሚያነድ ሰው ከአንተ በቀር የት ይገኛል?»

ሳቁ ከፓምፖቹ ጩኸት በላይ ወጣ። ሁለት ሰዎችም ስጦታውን ተሸክመው መጡ።

ልማዱ የቆየ ነው። ከወፍጮው የሚሰናበት ሰው በማሽኑ ውስጥ ሲሽከረከር ያረጀ የጎማ ዲስክ ይሰጠዋል፤ ባልደረቦቹም በነጭ ቀለም ይፈርሙበታል። ለዚህ የሚመረጠው ሁልጊዜ ጭቃው በሚገባበት በኩል ያለው ዲስክ ነው፤ ቶሎ ስለሚያልቅ ከውዳቂው ክምር አይጠፋም። በሩ ላይ ጠባቂዎቹ የሰውን ሁሉ ቦርሳ ይበረብራሉ። የስንብት ስጦታ ግን አይፈተሽም። ነውር ነው።

ወንፊትም ጠዋት ፈርማበታለች። ያን ጊዜ ዲስኩ ጀርባውን ወደ ጠረጴዛው ሰጥቶ ተኝቶ ነበር።

አሁን ከፍ አድርገው አነሡት። ጀርባውን አየች።

ማጨብጨቧን አላቋረጠችም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ኤይኖ ወፍጮውን ከፍቶ እጇን በዲስኮቹ ላይ አስቀምጦላት ነበር። «በዓይንሽ ሳይሆን በጣትሽ አንብቢው» ብሏት ነበር። «አሸዋው የቸኮለበትን ቦታ በልቶታል፤ ያረፈበትን ትቶታል።» በዚህ ወፍጮ ውስጥ ማዕድኑን በውኃ አድቅቆ የሚያልመው በዲስኮቹ የሚታመሰው አሸዋ ነው። በቀድሞዎቹ ማሽኖች አሸዋው ከጭቃው ጋር እንዳይወጣ መውጫው ላይ የሽቦ መረብ ነበር፤ መረቡ እየተደፈነ ሥራውን በየሰዓቱ ያስቆማል። ኤይኖ መረቡን አስወገደ። የመጨረሻው ዲስክ ሲሽከረከር አሸዋውን ወደ ኋላ እንዲወረውር፣ የላመውን ጭቃ ግን እንዲያሳልፍ አደረገ። የመጀመሪያው ዲስክ ዙሪያውን እኩል ይበላል፤ ምንም አይናገርም። የመጨረሻው ግን በአንድ ወገን ብቻ በተቆለመሙ ቦዮች ይቆፈራል።

በስጦታው ጀርባ ያሉት ቦዮች የተቆለመሙ ናቸው። ያን ማንበብ የሚችል ሰው ንድፍ አያስፈልገውም።

«ለእኔ ስጡኝ» አለ ሌይተን ማርዶ። የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ የወንፊትን ማንነት በዚህ ስፍራ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነው፤ ዳይሬክተሮቹ ምርመራውን እንዲመራ አደራ ስለሰጡት ቢሮዋን የቀጠረው እርሱ ነበር። «ኤይኖ፣ በጥሩ እንጨት አስገጥሜ እልክልሃለሁ። የመውጫ ወረቀቱን ፈርሜያለሁ።»

«ደግ ሰው ነህ» አለው ኤይኖ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ማርዶ በፓምፑ ጀርባ አለፈና ሳያያት ተናገረ።

«ወንፊት።»

«እሰማለሁ።»

«ምስጡ ኤይኖ ነው። የወፍጮውን ንድፍ ከካዝናው አውጥቶታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ላይ ይፈተሻል። ከምሳ ዕቃው ዓይንሽን አታንሺ።»

«እርስዎስ?»

«ወደ አውሮፕላን ማረፊያ እሄዳለሁ። ብሪዝበን ስብሰባ አለኝ።»

ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሮጠች። የኤይኖን ምሳ ዕቃ ከፈተች።

ንድፉ ከቴርሞሱ ሥር ነበር።

ንጹሕ ነበር።

በዚህ ወፍጮ ዳቦ እንኳ የግራጫ ጣት አሻራ ሳያርፍበት አይበላም። የኤይኖ ዳቦ መጠቅለያ በአሻራ ተሞልቷል። ይህን ወረቀት ግን ጭቃ ነክቶት የማያውቅ እጅ ነው እዚያ ያስቀመጠው። የካዝናው ቁልፍም ያለው በማርዶ ኪስ ነው።

የእግር ድምፅ።

ወረቀቱን በጫማዋ ውስጥ ከተተችው።

«ምሳ ዕቃዬ ውስጥ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ኤይኖ ከበሩ።

«የተረፈ ዳቦ ቢኖር ብዬ።»

«ሌባ!» ብሎ ሳቀ። «ይህ ጥቁር ዳቦ የናንተን የአገሩን ልጆች ጥርስ ይሰብራል አላልሁሽም?» ዳቦውን ለሁለት ገመሰና ትልቁን ሰጣት። «እንኪ፣ ብዪ። ከነገ ጀምሮ ዳቦ የሚያጎርስሽ ሰው የለም።»

በላች።

ዘጠኝ ሰዓት። ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ገለበጠ። ቴርሞሱን አነሣ። መጠቅለያውን ፈታ።

ምንም የለም።

የማርዶ ነጭ መኪና ቀደም ብሎ ወጥቷል። ወንፊት ከበሩ ማዶ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ሄደች።

«ወንፊት ነኝ። ምስጡ የቀጠረን ሰው ነው።»

«ማስረጃ?» አለ ከብሪዝበን ቢሮው የመለሰላት ድምፅ።

«ዲስኩ። መኪናው ውስጥ ነው።»

«ብትሳሳቺ ቢሯችን ይዘጋል።»

«ፖሊስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ላኩ። አሁኑኑ።»

በአውሮፕላን ማረፊያው መኪና ማቆሚያ፣ ከመንገድ ካሳፈራት የውኃ ማመላለሻ መኪና ጀርባ ቆማ ጠበቀች። ማርዶ የመኪናውን ኋላ ከፈተ። ባለ ኮት ሰው ቀረበ። ፊርማዎቹን አላየም፤ ዲስኩን ገለበጠው። ጣቱንም በቦዮቹ ላይ ቀስ አድርጎ አስኬደ።

ልክ እንደ ኤይኖ።

እጇን አነሣች። የፖሊስ መርማሪዎቹ ከሁለት ወገን ገቡ።

«የኤይኖ ስጦታ ነው!» ሲል ማርዶ ጮኸ። «ስሙን አታዩም? ዲስኩን የመረጠው ራሱ ነው! እኔ አደራ አድራሽ ነኝ!» ከዚያ ወንፊትን አያት። «አንቺ! የቀጠርሁሽ እኔ አይደለሁም?»

«ምስጡን ያዢ ብለው ነበር የቀጠሩኝ» አለችው።

ማመልከቻው ሰኞ ዕለት በኤይኖ ስም ገባ። ተልእኮው ተፈጸመ። ዋጋው ግን ከዚያ በኋላ ተከፈለ።

ማርዶ በምርመራ ላይ ቃሉን አልለወጠም፤ ጠንሳሹ ኤይኖ ነው አለ። የቀሩት ገዢዎች እስኪያዙ ወንፊት ለማንም እንዳትናገር ታዘዘች። በዚያው ዓርብ በጫማዋ የደበቀችውን ንድፍ ለፖሊስ አስረክባ ከካርዋራ ወጣች። ስምንት ወር ሙሉ የኤይኖ ጡረታ ታገደ። መጠጥ ቤት ሲገባ ሰዎቹ ብርጭቋቸውን ይዘው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዱ ነበር። ዳርሲ ሰላምታ ነፈገው። እርሷ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥታ መልሳ ዘጋችው። ታዛለች፤ መታዘዟ ግን ከበደሉ አላነጻትም።

በታውንስቪል ችሎት ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ መሰከረች። ዳኛው ዲስኩን በምን እንዳወቀችው ጠየቋት።

«በዓይን ሳይሆን በጣት ይነበባል፣ ክቡር ዳኛ። አሸዋው የቸኮለበትን ቦታ በልቶታል፤ ያረፈበትን ትቶታል።»

ከተመልካቾቹ መካከል ኤይኖ ቀና አለ። ድምፁን አወቀው፤ ቃሉም የራሱ ነበር። ማን እንዳዳነው፣ ስምንት ወርም ማን ዝም እንዳለበት በአንድ ጊዜ ተረዳ። ችሎቱ ሲነሣ በሩ አጠገብ ጥቂት ቆመ። ወደ መጋረጃው ተመለከተ።

ከዚያ ወጣ። እርሷም አልተከተለችውም። በሳምንቱ በሌላ ከተማ፣ ሌላ ስም የተሰፋበት ቱታ ለበሰች።

ምስጢሩ እንዳይወጣ ዲስኩ እንዲቆራረጥ ፍርድ ቤቱ አዘዘ። የሠላሳ ሰዎች እውነተኛ ስምና የአንዲት ሴት ሐሰተኛ ስም አብረው ተቆረጡ። ለኤይኖ ጡረታው ተመለሰለት፤ ስጦታው ግን አልደረሰውም።

ሌይተን ማርዶ የአምስት ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ የተቀበለው ቀብድ ተወረሰ፤ የሙያ ፈቃዱም ለዘለቄታው ተሰረዘ።