የጓሮው መስመር

ይህ በእውነት የሆነ ነገር ነው። ያየሁትም የሰማሁትም እኔው ነኝ። የፈለገ ይመነኝ፣ ያልፈለገም አንብቦ ይለፈው። እኔ የምጽፈው ብቻዬን መሸከሙ ስለደከመኝ ነው።

ቀኑ ነሐሴ 8 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው ደብረ ማርቆስ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። እንዲያውም ያን ቀን ዝናቡ ፋታ ሰጥቶ ፀሐይ ወጥታ ነበር...

ስሜ ደምለው ይባላል። ሥራዬ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ጥገና ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ መሰላል ተሸክሜ ስዞር ጉልበቴ አለቀ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ መስመሩ ሁሉ ውኃ ይገባበታል፤ የአንዱን ቤት ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። ያን ሰሞን የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መቀመጥ።

የሄድኩበት ቤት የመሪጌታ አካለ ወልድ ቤት ነው። እሳቸው ዓምና በፍልሰታ ጾም ዐርፈዋል። አሁን ቤቱ ውስጥ ያሉት ባለቤታቸው እትዬ ሥራነሽና ልጃቸው ሕሊና ናቸው። ሕሊና ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች።

ያን ቀን ልክ በዘጠኝ ሰዓት ሕሊና የውጭ ትምህርት ዕድል ቃለ መጠይቅ ነበራት። በኢንተርኔት፣ ፊት ለፊት እየተያዩ። ካለፈ አለፈ፤ ሌላ ቀጠሮ አይሰጥም።

ኢንተርኔቱ ግን ከነሐሴ አንድ ጀምሮ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይሞታል።

ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ነሐሴ ሦስት ቀን የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የሚለየውን ማጣሪያ ቀየርኩ። በአምስተኛው ቀን ሞደሙን ቀየርኩ። ጠዋት ጠዋት እንደ ጉድ ይሠራል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀጥ ይላል።

ለሦስተኛ ጊዜ መሄድ አልፈለግሁም። ሌላ ሰው ይላክልኝ ብዬ አለቃዬን ለመንኩት።

"ሴትዮዋ ደምለው ይምጣልኝ ብለዋል" አለኝ የሥራ ትእዛዝ ወረቀቱን እያቀበለኝ። "ሌላ ሰው አልፈልግም አሉ።"

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። እትዬ ሥራነሽ ጥቁር እንደለበሱ ከስልኩ አጠገብ ካለች አንዲት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በሦስትም በአምስትም ስመጣ እዚያችው ወንበር ላይ ነበሩ።

"እንደምን ዋሉ እትዬ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ጾሙ እንዴት ይዞሃል?"

"ደኅና ነው።"

ተቀመጥ አላሉኝም። ያ ቤት እንግዳ አቁሞ አያውቅም ነበር። ልብ አልኩት፤ ግን ኀዘን ነው ብዬ ተውኩት።

ሕሊና ጓዳ ውስጥ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ። ፍጥነቱን ለካሁት። ሁለት ሜጋ ሙሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ኮምፒውተሯ ላይ ይታዩ የነበሩት ሰዎች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ፍጥነቱን ደግሜ ለካሁ። ወረደ... ወረደ... ቆመ።

"ጋሽ ደምለው..." አለች በሹክሹክታ። "ጀምረው ነበር እኮ።"

መለኪያዬን መስመሩ ላይ ሰካሁ። ያሳየኝን ነገር ሁለት ጊዜ አየሁት። በዚህ መስመር ላይ አንድ ስልክ ተነሥቷል ይላል። ማጣሪያ የሌለው ስልክ ከተነሣ ኢንተርኔቱ ይታነቃል፤ የታወቀ ነገር ነው።

ዞሬ የሳሎኑን ስልክ አየሁ። እጀታው ቦታው ላይ ነው። የእትዬ ሥራነሽ እጆች ጭናቸው ላይ ናቸው።

"ሌላ ስልክ አለ እንዴ?" አልኩ፤ መልሱን እያወቅሁ።

"የለም" አለች ሕሊና። "ጓሮ የአባዬ ነበረ። እሱንም ከቀብሩ በኋላ አጎቴ ደብረ ኤልያስ ወሰደው።"

 ያ የጓሮ መስመር ምን እንደደረሰበት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ...

ዓምና ነሐሴ 8፣ በዚሁ ሰዓት፣ እዚሁ ቤት ነበርኩ።

መሪጌታ ጓሮ ውስጥ አንዲት ክፍል አለቻቸው። ካረጁ ወዲህ በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ውኃና የተዘፈዘፈ ሽምብራ ይዘው ሱባኤ ይገቡባታል። በሩን ከውስጥ ይቀረቅሩታል። እስከ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት አይከፈትም። እኛ አገር ሱባኤ የገባ ሰው በር አይንኳኳም። ሚስትም ብትሆን፣ ልጅም ብትሆን አታንኳኳም።

ሕሊና ግን ሽምግልናቸው አስፈራትና ለምና ስልክ አስገባችላቸው። ከቤቱ መስመር ቀጥዬ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። "አባዬ፣ ካመመህ አንሣው" ስትላቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ዓምናም የጠሩኝ ኢንተርኔቱ ዘገየ ብለው ነው። ለካሁት፤ የጓሮው ስልክ ተነሥቷል።

"መሪጌታ አንሥተው ረስተውት ይሆናል" አልኩ።

"ሱባኤ ላይ ናቸው" አሉ እትዬ ሥራነሽ። "በራቸው አይንኳኳም ልጄ።"

ልክ ናቸው። እኔም አላንኳኳም ነበር።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ገና አምስት ቤት ቀርቶኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን የመስመር ሳጥን ከፈትኩና የመሞከሪያ ስልኬን የጓሮው ሽቦ ላይ ቆንጥጬ አዳመጥኩ። በዝናቡ መሀል አንድ ድምፅ ሰማሁ...

ኳ... ኳ... ኳ።

ዝም አለ። ከዚያ እንደገና ሦስት ጊዜ።

"ጫጫታ ነው" አልኩ ለራሴ፣ ድምፄን አውጥቼ። "ማንም የለም።"

በፒንሳ ቆረጥኩት። ቀጭ።

ኢንተርኔቱ ወዲያው ተመለሰ። ሕሊና አመሰገነችኝ። እትዬ ሥራነሽ ወንበር ሰጡኝ፤ ተቀምጬ ሽምብራ ቀመስኩ። የቆረጥኩት የትኛውን ሽቦ እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

በዐሥራ ስድስት በሩ ሳይከፈት ሲቀር ሰው ተሰብስቦ ሰበረው። መሪጌታ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ምላሳቸው ተሳስሮ መሬት ላይ ወድቀው ነበር። የስልኩ እጀታ ግራ እጃቸው ውስጥ ነው። መደወል አልቻሉም፤ መናገርም አልቻሉም። የቻሉት እጀታውን መሬት ላይ ማንኳኳት ብቻ ነው።

ገናዦቹ ካረፉ አራት ቀን ሆኗቸዋል አሉ። ለቀብር ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ከዐሥራ ስድስት አራት ሲነሣ ዐሥራ ሁለት። እኔ የቆረጥኩት በስምንት ነው። ከቆረጥኩባቸው በኋላ አራት ቀን በሕይወት ነበሩ።

ሕሊና ድንኳን ውስጥ አንድ ነገር እየደጋገመች ታለቅስ ነበር። "ስልኩ እጁ ላይ እያለ ለምን አልደወለልኝም?"

ዝም አልኩ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ አሁንም ዝም። ይኸው ዓመት ሆነኝ።

እንግዲህ መለኪያው ስልክ ተነሥቷል ሲለኝ ምን እንደተሰማኝ ፍረዱ።

ወጥቼ የመስመር ሳጥኑን ከፈትኩ። የቆረጥኳቸው ጫፎች እንደተውኳቸው ናቸው። በአንድ ስንዝር ተራርቀዋል። ዓመት ሙሉ እርጥበት የጠጣ መዳብ ስለሆነ አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። የነካቸው የለም።

መስመሩ ተቆርጧል። ስልኩም የለም። ግን ተነሥቷል ይላል።

ጥዬ መሄድ ነበረብኝ። ሕሊና በመስኮቱ ብቅ አለች።

"እባክዎ ጋሽ ደምለው... ዐሥር ደቂቃ እንጠብቅሻለን ብለውኛል።"

አባቷን የነሣኋት እኔ ነኝ። ይህን ደግሞ እንዴት ልንሣት?

ወደ ጓሮ ሄድኩ።

የክፍሏ በር ከተሰበረ ወዲህ በገመድ ታስሯል። ፈታሁት። ውስጡ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። መደቡ ባዶ ነው። መቋሚያቸው ጥግ ላይ ተደግፏል። ስልኩ የነበረበት ቦታ ላይ ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል።

ጫፎቹን አየኋቸው። አረንጓዴ አይደሉም። ያብረቀርቃሉ... ሰው በየቀኑ በአውራ ጣቱ ሲያሻቸው እንደኖረ።

ነካኋቸው። ለብ ያሉ ናቸው።

የመሞከሪያ ስልኬን ቆነጠጥኩባቸው። ያ ሽቦ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ጭጭ ማለት ነበረበት። ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

ኳ... ኳ... ኳ።

መሬቱ ላይ ተንበረከክሁ።

"መሪጌታ..." አልኩ በሹክሹክታ። "እኔ ነኝ። ደምለው።"

ድምፁ ቆመ።

"የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሲያንኳኩ ሰምቻለሁ። ዝናብ ነበር... ደክሞኝ ነበር። ጫጫታ ነው አልኩ። ለእትዬም ለሕሊናም አልነገርኩም። ፈርቼ ነው። ይፍቱኝ።"

 ከዚያ አንድ ሰው የስልክ እጀታ ቀስ አድርጎ ሲያስቀምጥ የሚሰማው ድምፅ ተሰማኝ።

ከቤት የሕሊና ድምፅ መጣ። "መጣ... ጋሽ ደምለው፣ መጣልኝ።" ወዲያው በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረች። ቀጥሎ ስትስቅ ሰማኋት።

አለቀስኩ። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ሆዴ ደረሰ። አበቃ ብዬ ነበር።

በሩን መልሼ አሰርኩ፣ ፊቴን ጠረግሁ፣ ዕቃዬን ልሰበስብ ወደ ሳሎን ገባሁ።

የሞደሙ መብራቶች ቀጥ ብለው በርተዋል። የሕሊና በር ተዘግቷል። እትዬ ሥራነሽ ቆመዋል።

የሳሎኑ ስልክ እጀታ ጆሯቸው ላይ ነው። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሷል።

"ሰማሁ" አሉ ቀስ ብለው።

የጓሮው ሽቦ ተቆርጧል። በየት በኩል ይሰማል?

"ምኑን... እትዬ?"

"ሁሉንም። ከነሐሴ አንድ ጀምሮ እሰማለሁ። ማን እንደሆነ በድምፁ ለይቼው ነበር፤ ካፍህ እስክሰማው ነው የጠበቅሁህ።"

አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ። እጀታውን ዘረጉልኝ።

"እንካ።"

"እትዬ..."

"እንካ ልጄ። አንተን ነው።"

ተቀበልኩ። ጆሮዬ ላይ አደረግሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ዝናብ ነው። ቆርቆሮ የሚደበድብ ከባድ ዝናብ። በመስኮቱ አየሁ፤ ውጭ ፀሐይ ነው፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አለ።

ከዚያ... ኳ... ኳ... ኳ።

ከዚያ የአንድ ሰው ድምፅ፤ የደከመ፣ በጣም ቅርብ።

"ጫጫታ ነው። ማንም የለም።"

የእኔ ድምፅ ነው።

ቀጭ።

ከዚህ በኋላ ምንም መሰማት አልነበረበትም። ዓምና እኔ የሰማሁት እስከዚህ ድረስ ነው። ቆርጬ ሽምብራዬን ልበላ ገባሁ።

ዝናቡ ግን አላቆመም።

ኳ... ኳ... ኳ።

እጀታውን ላስቀምጥ እጄን አወረድኩ። እትዬ ሥራነሽ እጃቸውን እጄ ላይ አደረጉና ቀስ አድርገው ወደ ጆሮዬ መለሱት። በሌላው እጃቸው ያቺን ወንበራቸውን ሳቡና ከኋላዬ አስጠጉልኝ።

"ተቀመጥ ደምለው" አሉኝ። "አራት ቀን ነው።"