የአያምቢሬ ጉድጓድ

አያምቢሬን ከጉድጓዱ ሲያወጡት ፀሐይዋ ገና ከሺያ ዛፎቹ አናት አልወጣችም ነበር። በደረቀው ወንዝ አሸዋ ላይ አስተኝተው ፊቱን በገዛ እጀ ጠባቡ ሸፈኑት። ሚስቱ ቴኒ እግሩ ሥር ተቀምጣ ከጣቶቹ መሃል አሸዋውን ቀስ እያለች ታራግፋለች። አታለቅስም። የሚያለቅሱት ውሃ ሊቀዱ መጥተው ያገኙት ሴቶች ነበሩ።

ኢንስፔክተር አሳምፖካ ሞተር ሳይክሏን ዳር አቁማ ወረደች። በልጅነቷ እሷም በበጋ በወንዝ አሸዋ ላይ ሽንኩርት ስታጠጣ ያደገች የዚያው አገር ልጅ ናት።

«ትናንት ውሃ ሲቀዳ አዳልጦት ነው» አሉ የናቦኮ ከተማ ሹም። «ምን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ልጄ?»

«ትንሽ ልይ፣ አባት።»

የሟቹ ነጠላ ጫማ ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጉድጓዱ ላይ በተጋደመው ግንድ ላይ ገመድ የሞረደው ቦታ ያብረቀርቃል፤ ገመድ ግን የለም። ከሥር፣ ሬሳው በተነሣበት ቦታ፣ እርጥብ አሸዋና ድንጋይ የሞላ ባልዲ በጎኑ ተጋድሟል።

ከዚያ ወደ ሽንኩርቱ ሄደች። ከአንዱ ጉድጓድ የሚጠጡት የሦስት ሰው መደቦች ናቸው፤ የአያምቢሬ፣ የታናሽ ወንድሙ የኛባ፣ የጎረቤታቸው የአቡግሬ። የሁለቱ መደብ በደረቁ የበረሃ ነፋስ ተሰነጣጥቋል። የሟቹ ግን እርጥብ ነው። ጎንበስ ብላ ከአንዱ የሽንኩርት ቅጠል ላይ ከምስር ክክ የማይበልጥ አረንጓዴ ነገር አነሣችና በማስታወሻ ደብተሯ ገጾች መሃል አስቀመጠችው።

አቡግሬ ሳትጠራው መጣ።

«ከሟቹ ጋር ትጣሉ ነበር አሉ፣ ጋሼ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ! እሱ ውሃውን ይጨርሳል፣ እኔ እሰድበዋለሁ። ጠዋት ካልሰደብኩት ቁርስ አይወርድልኝም ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «አሁን ማንን ልስደብ?»

«ትናንትስ የት ነበሩ?»

«ገበያ ነዋ! ቴኒ ጋ የማሽላ ጠላ ስጠጣ ዋልኩ። ቤቴ የገባሁት ልጆቼ ደግፈውኝ ነው። ሽንኩርቴንም አላጠጣሁ። ሰክሮ ነበር ብለሽ ጻፊው።»

ቴኒ ከባሏ እግር ሳትነሣ መለሰችላት። «ጠላዬን ሸጬ ስጨርስ ጨልሞ ነበር። ጉልበቴን ያመኛል፣ ባዶ እጄንም ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።»

«ባልሽ ሳይመጣ ሲያድር አልሰጋሽም፣ እህቴ?»

«በሽንኩርት ወራት ከብት እንዳይገባበት ብሎ እዚሁ ዳሱ ውስጥ ያድራል።»

«ኛባስ ገበያ ነበር?»

«ከሰዓት በኋላ መጣ። የሚሸጣቸውን ቅርጫቶች ሳይዘረጋ ዝም ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ተነሥቶ ሄደ።»

ኛባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ክንዶቹን አጣምሮ፣ መዳፎቹን ብብቱ ሥር ቀብሮ ቆሟል።

«ከገበያ ቀጥታ ቤቴ ገባሁ» አለ። «ወደዚህ አልመጣሁም።»

«ሽንኩርትህንስ?»

«አንድ ቀን ውሃ ቢቀርበት አይሞትም።»

«ሥራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ልትሄድ አስበሃል ይላሉ።»

«ያልሄደ ማን አለ? ጓደኞቼ ሁሉ ሄደዋል። እሱ 'መጀመሪያ ሽንኩርቱ ይነቀል' ይለኛል። ዓምናም እንዲሁ አለኝ።» መሬት መሬት አየ። «እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው።»

ኢንስፔክተሯ አራቱን፣ ሹሙን ጨምሮ፣ ከሺያው ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው።

«አያምቢሬ አዳልጦት አልወደቀም» አለች። «አዳልጦት ቢሆን ጫማው ከእግሩ ጋር ይገባ ነበር። እሱ ግን አውልቆ አስቀምጦታል። ውሃው ስለሸሸ ጉድጓዱን ሊያጠልቅ ወረደ። ቆፍሮ ባልዲ የሚሞላ ሰው፣ ያንኑ ባልዲ ራሱ ወደ ላይ አይጎትተውም። ስለዚህ ከላይ ሌላ ሰው ነበረ።»

«ማን?» አሉ ሹሙ።

«ገመዱን የወሰደው። ገመድ በራሱ እግር አይሄድም። ግን ማንነቱን የነገረኝ ሽንኩርቱ ነው።» ደብተሯን ገልጣ አረንጓዴዋን ቅጠል አሳየቻቸው። «ይቺን ታውቋታላችሁ?»

«የግድቡ ናት» አለ አቡግሬ። «እዚያ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች።»

«የአያምቢሬ መደብ ላይ ነው ያገኘኋት። በዚህ ነፋስ፣ ቀን የጠጣ መደብ እስከ ጠዋት እርጥብ ሆኖ አይቆይም፤ የጠጣው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ግድቡ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፣ ጉድጓዱ ደግሞ አሥር እርምጃ። ሬሳው የተገኘው ዛሬ ጠዋት ነው። ታዲያ ትናንት ማታ ጉድጓዱን ትቶ ግድብ ድረስ የሄደው ማነው? ጉድጓዱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው።»

ደብተሯን ዘጋች።

«የራሱን መደብ ቢያጠጣ ኖሮ ለሽንኩርቱ ሳስቶ ነው እል ነበር። ያጠጣው ግን የሟቹን ነው።»

«እኔ የእሱን ሽንኩርት ላጠጣ?» አለ አቡግሬ ሳያስበው። ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ።

«እርስዎንማ ልጆችዎ ደግፈው ነው ያስገቡዎት። ቴኒ በዚያ ጉልበት ከግድብ ውሃ አትሸከምም።» ዞረች። «ስንት ጊዜ ተመላለስክ፣ ኛባ?»

ልጁ ቀና አላለም። «ስምንት ጊዜ።»

ቴኒ ራሷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ገመዱ አምልጦህ ነው፤ አምልጦኝ ነው በል፣ ልጄ» አሉ ሹሙ እየተጨነቁ።

«መዳፍህን አሳየኝ» አለች ኢንስፔክተሯ።

እጆቹን ከብብቱ አወጣ። ቅርጫት ሲጎነጉን የጠነከረ መዳፍ ነው፤ የቆሰለ ቦታ የለውም።

«ድንጋይ የሞላ ባልዲ ያለበት ገመድ ሲያመልጥ ቆዳ ልጦ ነው የሚሄደው።»

«ለቀቅኩት» አለ ኛባ። «ዘንድሮ እሄዳለሁ አልኩት። ከታች ሆኖ ሳቀብኝ። 'አሁን ባልዲውን አውጣ' አለኝ። ላስደነግጠው ብዬ ለቀቅኩት። ልገድለው አላልኩም።»

«ከዚያስ?»

«ጠራኝ። ድምፁ ቀጭን ነበር። 'ኛባ፣ ገመዱ እጅህን ላጠህ እንዴ?' አለኝ።» እንባው ወረደ። «አፈርኩ። ሳልመልስለት ወደ ገበያ ሄድኩ። ገመዱ ከግንዱ ጋር ታስሯል፣ ይወጣበታል ብዬ። ሲመሽ ስመለስ እዚያው ነበር። ወርጄ አቀፍኩት። ቀዝቅዟል። ከዚያ ፈራሁ። ገመዱን ፈትቼ ግድቡ ውስጥ ጣልኩት። ባዶ እጄን መመለስ ግን አቃተኝ።»

አቡግሬ ፊቱን አዞረ። ኢንስፔክተሯ ካቴናውን ከቦርሳዋ ስታወጣ ቴኒ በአንድ ጉልበቷ ተደግፋ ተነሣች።

«ኢንስፔክተር፣ ከቀብር በፊት አትውሰጂው።»

«ቴኒ!» አሉ ሹሙ። «የገደለ እጅ ሬሳውን ሊነካ?»

«ምሬው አይደለም፤ እንዴትስ ብዬ እምረዋለሁ? ግን አያምቢሬ ሌላ ወንድም የለውም። መቃብሩ ውስጥ ወርዶ ራሱን የሚቀበለው ማነው?»

ኢንስፔክተር አሳምፖካ ካቴናውን መልሳ ቦርሳዋ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ ቀበሩት። ኛባ መቃብሩ ውስጥ ወርዶ የወንድሙን ራስ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ቀስ ብሎ አስተኛው፣ ነገር ግን ሲጠሩት ቶሎ አልወጣም። ስሙን ሦስት ጊዜ ጠሩት። ከወጣ በኋላ ማንም ሳይነግረው፣ አፈሩን ሳያራግፍ ሞተር ሳይክሏ ወደቆመችበት ሄደ።

ቴኒ አላየችውም። ፊቷን ወደ መቃብሩ እንዳዞረች አጠገቧ ላለችው ሴት ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

«መንገዱ ሩቅ ነው። ውሃ ስጡት።»