እግር ያልተሣለለት ቀዛፊ

መቼም የሚያውቀኝ ሰው ይህን ከእኔ አፍ ቢሰማ ይስቅብኛል፣ ምክንያቱም እዚህ መርሳ ከተማ ውስጥ ስለ ጅን ወይ ስለ ዛር ሲወራ «ማስረጃህን አምጣ» እያለ ጨዋታ የሚያበላሽ ሰው ቢፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሚስቴ በጥላዋ ስትደነግጥ ስለ ብርሃን ማስረዳት የምጀምር ደረቅ ሰው ነኝ፣ እሷም «መደንገጥ የነበረብኝስ አንተን ያገባሁ ቀን ነበር» ትለኛለች። ስለዚህ ወዳጄ፣ እመነኝ ብዬ አልለምንህም፣ የሆነውን እንደሆነው ልንገርህና ፍርዱን ላንተ ልተው።

ከቤታችን መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ጌም ቤት አድርጌያታለሁ፣ ከማስተማር ስመለስ እሷን አስተዳድራለሁ። እዚያ ከሁሉም የሚወደደው ጨዋታ እኔ ተማሪ ሳለሁ የጀመረ፣ እስካሁንም በየጊዜው አዲስ ክፍል የሚወጣለት ነው፣ የፈረንጅ ስሙን የሚጠራው ስለሌለ እኛ ዘንድ «ወንዙ» ይባላል፣ ሁሉም ክፍል ወንዝ በመሻገር ነውና የሚጀምረው። ሰዎቹ ከክፍል ክፍል ስለማይለወጡ እንደ ጎረቤት ሆነውብን ስም አውጥተንላቸዋል፣ ብረት የለበሰው ግዙፍ «ሎደር» ነው፣ እሳት የምትተፋው ሴትዮ «ሚጥሚጣ» ናት፣ መጨረሻ ላይ ቆሞ ማንንም የማያሳልፈው ደግሞ «ትራፊክ» ነው። መጀመሪያ ላይ ተጫዋቹን በጀልባ የሚያሻግረው ቀዛፊ ግን «ሰይዶ» ነው፣ ነገሩ ሁሉ የመጣውም በዚህ ስም ነው።

ሰይድ የእትዬ ዘይነባ ልጅ ነው። እትዬ ዘይነባ ከእኛ ዝቅ ብለው የሚኖሩ፣ ባላቸው በልጅነታቸው የሞተባቸው፣ ማንጎና ብርቱካን እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሰይድ ትንሽ ሆኖ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ወጌሻ ቢያሸውም ግራ እግሩ አልቀናም፣ ሲራመድ ወደ ውስጥ ዞር ይልና ተረከዙን ጎተት ያደርጋል፣ ከሩቅ አረማመዱን አይተህ ሰይድ ነው ትላለህ። ጎልምሶ እኔ ጋ መጥቶ ሲጫወት ቢሸነፍ የማይናደድ፣ ቦታውን ለሌላው የሚለቅ ዝምተኛ ነበር፣ ቀዛፊውም ራሱን በጨርቅ ጠምጥሞ፣ ቃል ሳይተነፍስ፣ ሰው አሻግሮ ብቻውን የሚመለስ ፍጡር ስለሆነ ጓደኞቹ የሰይድን ስም አወጡለት። ከዚያ ሰይድ እንደ ብዙ የወረዳችን የሀብሩ ወጣት በጅቡቲ በኩል ወደ ሳውዲ ሊሻገር ወጣ፣ ባሕሩ ዳር ደርሶ ለእናቱ ደወለና «ዛሬ እንሳፈራለን» አላቸው፣ ያ የመጨረሻ ድምፁ ሆነ። ስሙ ግን ጌም ቤቴ ውስጥ ቀረ፣ ሰይድን አይተውት የማያውቁ ተማሪዎች ሳይቀሩ ቀዛፊውን በዚሁ ስም ይጠሩታል።

ታዲያ አንድ ቀን አዲስ ክፍል አስገብተው ጀልባዋ ብቅ ስትል «ሰይዶ መጣ! ሰይዶ መጣ!» ብለው ሲጮኹ እትዬ ዘይነባ በበሩ ሲያልፉ ሰሙ። የማንጎ ዘንቢላቸውን መንገድ ላይ ጥለው ገቡ። ወዳጄ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፣ ከተማሪዎቹ አንዱ በጣቱ ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ። እትዬ ዘይነባ አልተቆጡም፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ቀዛፊውን ሲያዩት አመሹ፣ በማግስቱም መጡ፣ ከዚያ ወዲህ መቅረት ተዉ።

ሰነባብቶ ወንድማቸው ጋሽ እንድሪስ መጣ። እንድሪስ እህል ነጋዴ ነው፣ ነገር አያስረዝምም።

«መምህር፣ ሞቷል ብለን ለልጁ ሰደቃ ልናወጣለት ነው» አለኝ። «ሰው ዱዓ ሳይደረግለት እስከ መቼ ይቀመጣል? እሷ ግን በዚህ ባንተ ሣጥን ሰበብ ጭራሽ ‹አየሁት› ማለት ጀመረች። በሯን ሳትቀረቅር ነው እኮ የምታድር። እንዝጋው ስንላት ‹ቢመጣስ?› ነው መልሷ። ጅብ በሚዞርበት አገር! አንተን ታከብርሃለች፣ ቁርጡን ንገርልኝ።»

እሺ አልኩት፣ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ላይ እኔን የሚያህል የለም ብዬ። ቀዛፊውን ማን እንደፈጠረው፣ ከየት እንዳመጡት ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ አነበብኩ፣ የዚህ ጨዋታ አፍቃሪዎች መቼም ሥራ የላቸውም፣ ስለ ጀልባዋ ቀለም ብቻ እንኳ መጽሐፍ የሚያህል ጽፈዋል። ነገሩ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። የመጀመሪያው ክፍል ሲሠራ ማሽኑ ደካማ፣ ሥዕሉም በጭራሮ የተገጣጠመ የሚመስል ስለነበረ ፊት መሣል አስቸጋሪ ነበር፣ ስለዚህ ራሱን በጨርቅ ሸፈኑት። ከወገቡ በታች ደግሞ የጀልባዋ ግድግዳ ስለሚከልለው እግር መሣል ትርፍ ድካም ነው ብለው ተዉት። መቅዘፊያውና እጁም አንድ ላይ የተሣሉ ናቸው፣ አይላቀቁም። ማሽኑ ቀጣዩን ቦታ እስኪያዘጋጅ ጊዜ መግፊያ ይሁን ብለው ያስገቡት ሰው ነው እንግዲህ፣ ተጫዋች ስለወደደው በየክፍሉ መለሱት፣ በየትኛውም ክፍል ግን ከጀልባዋ ወርዶ አያውቅም። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ሰይድ ገና ጡት ሳይጥል ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን አለ?

ተማሪዎቹን አሰናብቼ በሩን ገርበብ አደረግኩና አመሻሹ ላይ እትዬ ዘይነባን አስጠራኋቸው። ዝናብ እየጣለ ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል የሚያጫውተው አሮጌ ማሽን ከአንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ይህን ልብ በልልኝ።

«እትዬ፣ አንቱ የሚያዩት ሰው የተሣለ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጨርቁን፣ ፊቱን፣ ዘመኑን። የተስቢሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ሳያቋርጡ አዳመጡኝ።

«እንግዲያው አስኪደው» አሉኝ።

«ምን?»

«ፊት አልሣሉለትም ካልክ ፊቱን ተወው። እናት ልጇን በአካሄዱም ታውቃለች። አንድ ጊዜ ላስተውለው፣ ካልሆነ ወላሂ ሁለተኛ እዚህ አልመጣም።»

«እግር የለውም እኮ እትዬ። እግር አልተሣለለትም።»

«አስኪደው» አሉ፣ እንደ ልመናም እንደ ትእዛዝም አድርገው።

ካላዩ አይቆርጥላቸውም ብዬ ሲዲውን አስገባሁ። ወንዙ መጣ፣ ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው የጨዋታው ሰው ከወዲህ ዳር ቆሟል፣ ቀዛፊውም ጀልባዋ ውስጥ እንደ ሁልጊዜው አለ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ከወገቡ በታች ምንም። «ይኸው» አልኩና ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አኖርኩት እልሃለሁ፣ እጄ ላይ አልነበረም።

መጀመሪያ የሰማሁት የዝናቡ ውሃ መስሎኝ ነበር፣ ቀጥሎ የማሽኑ ማራገቢያ ነው አልኩ፣ ቆይቶ ግን አንድ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ የሚያንጎራጉረው ዜማ ሆነ፣ አምባሰል ቅኝት፣ ዝቅ ብሎ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሳያስበው እንደሚያንጎራጉረው ያለ። የእትዬ ዘይነባ ጣት ተስቢሃው ላይ ቆመ። እኔ ወዲያው ምክንያት ፈለግኩ፣ ጨዋታውን የሠሩት የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ናቸው፣ የእነሱ ቅኝትና የእኛ እንደሚመሳሰል የሙዚቃ አስተማሪያችን አንድ ጊዜ አጫውቶኛል፣ እንግዲያው የእነሱ ዜማ ነው አልኩ። ማጉያው የማይሠራ መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ጡሩምባ እንጂ የሰው ድምፅ የለውም።

«ማንጎ ሲለቅም እንዲህ ነበር» አሉ እትዬ ዘይነባ።

ጀልባዋ መንቀሳቀስ ጀመረች። የጨዋታው ሰው አልተሳፈረም፣ ከወዲህ ዳር እንደቆመ ነው፣ ቀዛፊው ብቻውን ሄደ። እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ጨዋታ የለም፣ ስንት ጊዜ ተጫውቼዋለሁ። ከወዲያ ማዶ ሲደርስ ጀልባዋ ዳርቻውን ነካችና ቆመች፣ ቀዛፊው መቅዘፊያውን አስቀመጠ፣ እጁ ከመቅዘፊያው ተላቀቀ። ከዚያ አንድ እግር የጀልባዋን ግድግዳ ተሻግሮ መሬት ረገጠ።

ያየሁትን ልንገርህ፣ ሥዕሉ ያው ሻካራ ነበር፣ የተለየ የጠራ ነገር አልመጣም፣ ሽርጥ መሆኑ ግን ይታወቃል፣ ከሽርጡ በታች ያለው ግራ እግር ወደ ውስጥ ዞር ማለቱ ይታወቃል። ተራመደ። ተረከዙን ጎተት አደረገ፣ ደግሞ ተራመደ፣ ደግሞ ጎተት አደረገ። ዳገቱ ላይ ቆመና ወደ እኛ ዞረ፣ እጁን ወደ አፉ ወስዶ ሳመና ዘረጋው፣ የእኛ አገር ሰው ሲገናኝና ሲሰነባበት እጅ ለእጅ ተሳስሞ እንደሚያደርገው። እትዬ ዘይነባ ብድግ ብለው የራሳቸውን እጅ ሳሙና ዘረጉለት፣ እንደዚያ ቆመው ቆዩ። እሱም ፊቱን መልሶ ከሥዕሉ ጠርዝ ወጣ፣ ዜማውም አብሮት ወጣ። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ፈርቼ ነበር፣ ሌላ ስም የለውም።

«ወጌሻው ያበላሸውን እግር እኔ አልስተውም» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። አላለቀሱም። «ልጄ ዱንያ ላይ የለም። መሰናበቻ ነው የቀረው፣ እሱን አደረሰ። ለእንድሪስ ንገረው፣ ሰደቃው ይውጣ።»

«እትዬ፣ ሲዲው ተጭሮ ይሆናል፣ አንዳንዴ ማሽኑ ይቃዣል፣ በዚህ ተነሥተው እንዲህ ያለ ነገር...»

«አብሽር መምህር» አሉኝ፣ ትከሻዬን ነካ አድርገው፣ እኔ ሐዘንተኛው ሆኜ እሳቸው አጽናኝ መሰሉ። በዝናቡ ወጡ።

ሰደቃው ወጣ፣ እኔም ሄድኩ፣ ዱዓው ተደረገ፣ እትዬ ዘይነባ ያን ዕለት ያለቀሱት ለቅሶ የከረመ ለቅሶ ነበር። እንድሪስ እጄን ይዞ አመሰገነኝ።

«እንዴት አድርገህ ነገርካት?»

«ቀዛፊው እግር እንደሌለው ነገርኳቸው» አልኩት፣ ውሸት አይደለም።

አሁን የእኔን ጉድ ስማ። በማግስቱ ያን ሲዲ ሳስገባ ጀልባዋ ከወዲያ ማዶ ባዶዋን ቆማለች፣ የጨዋታው ሰው ከወዲህ ዳር ይጠብቃል፣ አሻጋሪ ስለሌለ ጨዋታው አይጀምርም። ወልድያ ወስጄ ማሽን ለሚጠግን ወዳጄ ሰጠሁት፣ አገላብጦ አየና «ጭረት ነው፣ ጣለው» አለኝ፣ እሱው የያዘውን ሌላ ቅጂ አስገባልኝ፣ እዚያ ላይ ቀዛፊው ቦታው ላይ አለ፣ እግር የለውም፣ አያንጎራጉርም። እንግዲህ የጎደለው ከእኔው ሲዲ ላይ ብቻ ነው። ይህ ሊያረጋጋኝ ሲገባ ጭራሽ ባሰብኝ፣ ምክንያቱም ጭረት ጀልባ ባዶ ሊያደርግ ይችላል፣ እሺ፣ ያልተሣለ እግር ግን አይሥልም።

እኔ የልጁን መሞት በማስረጃ ላሳምን የተላክሁት ሰውዬ አሁን የማላምነው እኔ ሆኜ ቀረሁ። አልሞተም ማለቴ አይደለም። ብቻ ተሻግሮ ደረቅ መሬት ሲረግጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ የት እንደሆነ ግን አላውቅም፣ እትዬ ዘይነባ መሞቱን ያወቁት በምን እንደሆነም አልገባኝም። አንድ ቀን ልጠይቃቸው አስቤ ሄጄ ማንጎ መረጥኩና ዋጋውን ጠይቄ ተመለስኩ።

እሳቸው ከዚያ ዕለት ወዲህ በራቸውን ቀርቅረው ነው የሚተኙት፣ በመሸ ጊዜ በደጃቸው ሳልፍ መቀርቀሪያው ሲገባ እሰማለሁ። በጌም ቤቱ በኩል ሲያልፉም «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ብለው ሰላምታ ይሰጡኛል እንጂ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀና አይሉም።

ያ አሮጌ ማሽን ግን የእኔኑ ሲዲ ይዞ ጥግ ላይ እንደበራ ነው። ሚስቴ መብራት የምትከፍለው እሷ ስለሆነች ስንት ጊዜ አጥፋው አለችኝ፣ ልክ ናት። ተጫዋቾቹ ሲወጡ ለማጥፋት እቀርባለሁ፣ ባዶዋን ጀልባ አያታለሁ፣ ጣቴን እስከ ማጥፊያው አደርሳለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ቢመጣስ እላለሁ።