ከሙግተኞቹ መካከል የመጣ ጥሪ

እኔ እንኳን በጋኔንም በቡዳም የማላምን ሰው ነበርኩ፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪ ስለ ቀትር ጋኔን ካነሳ ክፍሉን በሳቅ የማፈርሰው እኔው ነኝ፣ እና አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ «ጠላው ከብዶህ ነው» ብዬ አልፈው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ፣ ስንቴ የተወራላቸውን ድንጋዮች ለማየት ወደ ታች ጋይንት ወረድኩ። ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ ከሰው ሁለት እጥፍ የሚረዝሙ ጥቁር ዐለቶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመዋል፣ አገሬው «ሙግተኞቹ» ይላቸዋል፣ እውነትም ዳኛ ፊት የቆሙ ባላጋራዎች ይመስላሉ። መንገድ የመሩኝ አያ ደሴ የሚባሉ ገበሬ ናቸው፣ እዚያ እንደደረስን በሬያቸው ገብስ ውስጥ ገባና ሊመልሱት ሲሮጡ፣ «መምህር፣ ቀትር ሳይሆን ከመካከላቸው ውጣ፣ በቀትር ማንም አይቆምበትም» አሉኝ።

«አያ ደሴ፣ ይሄ እኮ እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ ነው» አልኳቸው እየሳቅሁ።

«የተፋው ይትፋው፣ አንተ ብቻ ውጣ» ብለው ሄዱ።

አልወጣሁም፣ ፎቶ ሳነሳ ጥላዬ እግሬ ሥር ገባ። መጀመሪያ ነፋሱ ቆመ፣ ያ ሜዳ ነፋስ የሚያጣ ሜዳ አይደለም እመኑኝ፣ ሣሩ ቀጥ አለ፣ ፌንጣው ሁሉ ዝም አለ፣ ከዚያ ከግራው ረድፍ ሰው ደጅ ሲደርስ ጉሮሮውን እንደሚጠርገው ያለ ሳል ሰማሁ፣ አያ ደሴ የተመለሱ መስሎኝ ዞር ብል ማንም የለም። ወዲያው ጎርነን ያለ የወጣት ድምፅ፣ «እናንዬን ጥሩልኝ! መጥቻለሁ በሏት!» አለ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ወግ ልንገራችሁ። ኔትወርክ በሌለበት ሰው ከጋራ ጋራ ይጠራራል፣ የሰማ ላልሰማ ያቀብላል፣ ጥሪ ሰምቶ ዝም ያለ ሰው ይታማል። ግን አቀባዩ አስቀድሞ «ማን ልበል?» ብሎ የጠሪውን ስም ይጠይቃል፣ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔ ከተማ ገብቼ ስልክ ስለለመድኩ ይሁን እንጃ፣ ምንም ሳልጠይቅ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ቁልቁል ወደ መንደሩ ለቀቅሁት፣ «እናንዬ ሆይ! መጥቻለሁ ይልሻል!»

«አቤት! አቤት ልጄ!» የሚል የአሮጊት ድምፅ ከታች መለሰ።

እትዬ ውዴ ይባላሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ዳገቱን እንዴት እንደወጡት እስከ ዛሬ አይገባኝም፣ አያ ደሴ ከኋላ ከኋላቸው እየሮጡ ደረሱ። የአያ ደሴ ፊት ዐመድ መስሏል። «እናንዬ ያለው ማነው?» አሉኝ። «እንዲያ የሚላቸው ልጃቸው ሲሳይ ብቻ ነው፣ ስድስት ዓመት ሆነው፣ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ወርዶ በዚያው ቀረ።»

እትዬ ውዴ ክንዴን ያዙኝ። «ሲናገር ያስለዋል? ሲሳይ ከልጅነቱ ያስለዋል።»

ስለ ሳሉ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። «አዎ» አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል? እጄን ስመው እየሮጡ ድንጋዮቹ መሀል ገቡ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከእያንዳንዱ ዐለት ጀርባ ፈለግን፣ ከራሳችን ዱካ በቀር የተረገጠ ሣር አላገኘንም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ውዴ በየቀኑ በቀትር ይወጣሉ። ዳቦና ውኃ ይዘው ከሙግተኞቹ መካከል ይቀመጣሉ፣ ቄሱ ቢመክሯቸው፣ ጎረቤት ቢለምናቸው «የተጠራሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። ሰዉ ፈርቶላቸዋል፣ በቀትር ጥሪ «አቤት» ብሎ የሄደ ሰው ውሎ አድሮ ከቤቱ አይገኝም ይላሉ፣ እኔም ድሮ ብስቅበትም ዛሬ አልስቅም።

አሁን ለአያ ደሴም ያልነገርኳቸውን ልንገራችሁ። እትዬ ውዴ ከታች «አቤት ልጄ» ሲሉ፣ ከቀኙ ረድፍ፣ ከጀርባዬ፣ ያው ሳል ተሰማ። ድምፁም ያው ነበር፣ ግን ዝቅ ብሎ፣ የሚለምን ሰው ድምፅ ሆኖ፣ «የጠራኋት እኔ አይደለሁም፣ አትምጣ በላት» አለኝ።

የመጀመሪያውን አቀበልኩ፣ ሁለተኛውን ዋጥኩት። ፈርቼ ነበር፣ እውነቱ ይኸው ነው። ብነግራቸው ልጅዎ ሞቷል ማለት ይሆንብኛል፣ ዝም ብል በየቀትሩ ወደማላውቀው ነገር የምልካቸው እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ ልነግራቸው ቆርጬ አርብ ገበያ ከተማ ሄድኩ። ጨርቅ ተራ አገኘኋቸው፣ ፊታቸው በርቷል፣ አዲስ የወንድ ሸሚዝ ይዘዋል። «እትዬ ውዴ፣ ያን ዕለት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቆይ ልጄ፣ ዙርልኝ እስቲ፣ ሲሳይ በቁመት አንተን ነው የሚያህለው» አሉና ሸሚዙን ትከሻዬ ላይ ዘረጉት።

ዞርኩላቸው። ለክተው እስኪጨርሱ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።