ብቻውን የተለካ መስመር

«ሃዊ፣ ለምን ነካሽው?»

«ምኑን?»

«መስመርሽን ነዋ! እኔ ምልክት የላክሁት በራሴ መስመር ላይ ብቻ ነው።»

ሃዊ እጆቿን ከጭኗ ላይ አንስታ አሳየችው። ኪቦርዱ ከእሷ ሩቅ ነበር። ሌንጂሳ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

የአምቦ ክረምት ከሰዓቱን አጨልሞታል። ላቦራቶሪው ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን የተሳሉት ሁለት የኤሌክትሪክ ሽቦ መስመሮች ስም አላቸው፤ የክፍል ጓደኛቸው ሲንቄ «እናንተ እንደሆናችሁ አትነጋገሩም፣ ሽቦዎቹ እንኳ ያውሩ!» ብላ «ሌንጂሳ» እና «ሃዊ» ስትል የሰየመቻቸው ናቸው። አሁን ማንም ያልነካው የ«ሃዊ» መስመር ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ይላል... እንደሚተነፍስ ሰው።

«ሂሳቡም እምቢ ብሏል» አለ ሌንጂሳ። «የአንዱ ኢምፒዳንስ፣ ለምልክቱ ያለው ተቃውሞ፣ ሃምሳ ኦም ነው። ዲፈረንሻሉ፣ በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ምልክት ስልክ ማለት ነው፣ መቶ መሆን ነበረበት። ከመቶ በታች ይለኛል! አንድ ዓይነት ምልክት ስልክባቸው ደግሞ እያንዳንዳቸው ከሃምሳ በላይ ይሆናሉ። ይሄ ኮምፒውተር ሰይጣን አለበት እንዴ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዛሬም አታዋሪኝም። ነገ ለፕሮጀክቱ ሌላ አጣማሪ እንዲሰጡኝ እጠይቃለሁ። ካልፈለግሽኝ ላስቸግርሽ አልፈልግም።»

ሃዊ ዓመቱን ሙሉ በዝምታ የወደደችው ልጅ ነው።

ሌንጂሳ መስመሮቹን በማውሱ እየጎተተ አራራቃቸው። ቁጥሩ ወደ መቶ ተጠጋ።

«በቃ፣ ተስተካከለ!»

የ«ሃዊ» መስመር ግን ትንፋሹ እያነሰ፣ እያነሰ ሄደና ቀጥ ብሎ ተኛ። ሃዊ ስሟን መቃብር ላይ ተጽፎ ያየች መሰላት።

«ማሎ፣ እባክህ ሌንጂሳ፣ መልሳቸው!»

«ስህተቱም ይመለሳላ!»

«ስህተት አይደለም! አንተ አንዱን ብቻውን ለክተህ በሁለት አባዛኸው። ሲቀራረቡ እኮ አንዱ ሌላውን ይለውጠዋል...» ከስክሪኑ ወደ እሱ ዞረች። «እኔም አጠገቤ ስትቀመጥ ብቻዬን እንደምሆነው አይደለሁም። ዝም የምለው ለዚህ ነው።»

ሌንጂሳ ዞሮ አያት። ከዚያ መስመሮቹን መልሶ አቀራረባቸው። ማንም ያልነካው የ«ሃዊ» መስመር እንደገና መተንፈስ ጀመረ።

በማግስቱ ሌላ አጣማሪ አልጠየቀም። ፕሮጀክቱን አብረው አቀረቡ፤ በተመረቁ በዓመቱም ጉደር ላይ ተጋቡ።