ባትሪ ያልበራባቸው ሦስት ምሽቶች

ካልሲው አልወልቅ አለ። ባትሪ ጫፉን ይዛ ሳብ፣ ደግማ ሳብ አደረገችው፤ ከአባቷ ውስጥ እግር ጋር ተጣብቋል።

«ምነው ዛሬ፣ ካልሲዬን ልትወርሺ ነው እንዴ?» አለ አባቷ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ከተዘረገፈው ራዲዮ ሳያነሳ። ራዲዮ ጠጋኝ ነው፤ ሥራ ከያዘ ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም።

ስኳር ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ከወሰደበት ሁለት ዓመት ሆኖታል። የቀረው ቀኝ እግሩም ቢወጋ አያውቅ፣ ቢቃጠል አያውቅ። ጎንበስ ብሎ እንዳያየው ደግሞ፣ እሱ እንደሚለው፣ «ሆዴ መሀል እየገባ ያጣላናል»። ስለዚህ በየምሽቱ ውስጥ እግሩን በስልክ መብራት የምታይለት የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ናት። ባትሪ የሚለው ስምም የወጣላት በዚሁ ነው። አይታ ስትጨርስ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሰንጠረዥ ራይት ታደርጋለች።

ብዙ መራመድ የተቆረጠውን እግሩን ጫፍ ስለሚያቆስለው፣ ለሰውነቱም ለስኳሩም ብሎ የያዘው ብስክሌት ነው። ሰው ሠራሹን እግር ከፔዳሉ ጋር በጠፍር ያስርና ይነዳል። መጀመሪያ ሰሞን የሰፈር ልጆች «አሁን ወደቀ፣ አሁን ወደቀ» እያሉ በር ላይ ይጠብቁት ነበር። አሁን ዞር ብሎ የሚያየውም የለ። ስኳሩ ወርዷል፣ ሱሪው ሰፍቶታል፤ ከእግሩ ጋር አብሮ ጠፍቶ የነበረው ፉጨቱም ተመልሷል። ጠዋት ጠዋት እሱ ከመታጠፊያው ብቅ ሳይል ፉጨቱ ቀድሞ ቤት ይገባል።

ባትሪ ካልሲውን በውሃ አርሳ አላቀቀችው። ከአውራ ጣቱ ሥር ቁስል አለ። ጫማውን ስታራግፈው ከራዲዮ ጀርባ የምትወልቅ ቅንጣት የምታህል ብሎን ጠብ አለች።

«አንቺ ጉደኛ፣ ሰኞ ስፈልግሽ የዋልኩት!» አለ አባቷ ብሎኗን እያገላበጠ። «ዛሬ ነው ጫማዬ ውስጥ የገባችው ማለት ነው። ትናንት ማታ እግሬ ደህና ነበር፤ ራይት አድርገሽ የለ?»

ባትሪ ክው አለች። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ እግሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ለዛሬው ፈተና የሒሳብ ደብተሯን ነበር የምታየው። ካልሲውን እንኳ አላወለቀችም። ወልቆ ይሁን አይሁን ደግሞ እሱ አይሰማውም። «ጨረስሽ?» ሲላት፣ «አዎ» ብላ ራይት አድርጋለች። በሦስቱም ቀን ብስክሌቱን ነድቷል።

«ፈታ በይ፣ ነገ ሲስተር ጋ እንሄዳለን» አላት።

በማግስቱ ነርሷ የቁስሉን ዙሪያ በጣቷ ተጫነች። ፊቷ ጨፈገገ። «መቼ ነው የጀመረዎት?»

አባቷ ከግድግዳው ነቅሎ ያመጣውን ሰንጠረዥ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላት። «ትናንት ነው ያየነው። ረቡዕ ንጹሕ፣ ማክሰኞ ንጹሕ፣ ሰኞ ንጹሕ። እኔ ብረሳ ልጄ አትረሳም።»

«የአንድ ቀን ከሆነ አጥቤ፣ መድኃኒት ሰጥቼ ወደ ቤት እሸኝዎታለሁ» አለች ነርሷ። «ከቆየ ግን አጥንት ነክቶ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሆስፒታል ነው የምልክዎት።»

ሆስፒታል ሲባል የአባቷ እጅ ሄዶ ሰው ሠራሹ እግር ላይ አረፈ። የመጀመሪያውን እግሩን ትቶ የወጣው ከዚያ ነው። «ኧረ የአንድ ቀን ነው ሲስተር። እሑድ ከብስክሌት ጓደኞቼ ጋር ቀጠሮ አለኝ። አይደል ባትሪዬ?»

ባትሪ አዎ ብትል አባቷ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል፣ እሷም ያችው የማትረሳ ልጅ ትሆናለች፤ የሚያውቅ የለም። ሰንጠረዡን አየችው። ያላየችባቸው የሦስቱ ቀናት ራይቶች ከሌሎቹ ሁሉ ያምራሉ፤ ተጠንቅቃ ነበር የሠራቻቸው።

ከነርሷ ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶ አነሳች። የሰኞውን ሰረዘች። የማክሰኞውንም፣ የረቡዑንም ሰረዘች።

«አላየሁም» አለች። «ካልሲውን አላወለቅኩም። እያጠናሁ ነበር፣ አባዬ።»

ነርሷ የሆስፒታል ሪፈር ወረቀት ሳበች። አባቷ የተሰረዙትን ቀናት አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ሰንጠረዡን አጠፈና ኪሱ ከተተው፤ ኪሱን ለማግኘት ግን እጁ ሁለት ጊዜ ሳተ።

«ፈተናው ቀናሽ?» አላት በመጨረሻ፣ በቀስታ።

ባትሪ ነርሷ ጽፋ እስክትጨርስ መሬት ላይ ተንበርክካ እግሩን በሁለት እጇ ያዘችው። እንደማይሰማው ታውቃለች። አለቀቀችውም።